ጳጉሜን የሌላት መቁጠሪያ

[ጉለሌ፣ በአዲሱ ገበያና በዊንጌት መካከል ያለች አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ። መስከረም 22 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ። በእናቶች ክፍል ውስጥ ሲስተር ሠርካዲስ የሚባሉ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው አዋላጅ ነርስ ጎዝ እየቆረጡ ያጥፋሉ። ፊት ለፊታቸው ግዛቸው የሚባል ሃያ ስምንት ዓመት የሚሆነው የጥናት ሠራተኛ ተቀምጧል። ጉልበቱ ላይ ማኅተም ያለበት ቅጽ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ አለ።]

ግዛቸው፦ አላውቅዎትም ሲስተር! በደንብ አላውቅዎትም። እውነቱ ይኸው ነው፤ እሱኑ ነው የምጽፈው።

ሠርካዲስ፦ ስድስት ወር ሙሉ በዚህ መስኮት ስታልፍ ጎንበስ ብለህ "እንደምን አደሩ" የምትለው ታዲያ ለማን ነበር?

ግዛቸው፦ ሰላምታ ሌላ፣ ማወቅ ሌላ። ቅጹ እኮ ይጠይቃል። "ጠያቂው ተጠያቂዋን ምን ያህል ያውቃታል? ሀ፣ በደንብ። ለ፣ በመጠኑ። ሐ፣ ፈጽሞ አያውቃትም።" እኔ "ለ"ን ላከብብ ነው።

ሠርካዲስ፦ "ሐ"ን አድርገው።

ግዛቸው፦ ለምን?

ሠርካዲስ፦ በመጠኑ ብታውቀኝ ኖሮ ጎዝ ስቆርጥ አትመጣብኝም ነበር።

ግዛቸው፦ [እየጻፈ] "ተጠያቂዋ ለጥናት ያላት ፈቃደኝነት... መካከለኛ።"

ሠርካዲስ፦ ምን ጻፍክ?

ግዛቸው፦ ምስጢር ነው። ሲስተር፣ እኔ ለዚህ ሥራ አምስት ቀን ሙሉ ሰልጥኛለሁ። ጥናቱ "የእናቶች ጤና ዕውቀትና የነርሶች የቴክኖሎጂ አመለካከት" ይባላል። እርስዎ ሳይጨነቁ መልስ ብቻ ይስጡኝ። የማያውቁት ነገር ካለ እኔ አስረዳዎታለሁ።

ሠርካዲስ፦ አምስት ቀን? ስለ እናቶች?

ግዛቸው፦ አራቱ ቀን ስለ ቅጽ አሞላል። አንዱ ቀን ስለ እናቶች። [ትንሽ አስቦ] እሱም ከሰዓት በኋላ ያለው ዝናብ ዘንቦ ቀረ።

ሠርካዲስ፦ በል ጠይቀኝ።

ግዛቸው፦ ጥያቄ አንድ። "ነፍሰ ጡር ሴትን አደጋ ላይ የሚጥሉ ነገሮችን ይጥቀሱ።"

ሠርካዲስ፦ ባል።

ግዛቸው፦ ይቅርታ?

ሠርካዲስ፦ ደም መፍሰሱን፣ የፊትና የእጅ እብጠቱን፣ ራስ ምታቱን ጻፍ። ከሁሉም በላይ ግን ባል ብለህ ጻፍ። ሴቲቱ ብቻዋን ስትሆን ሲያማት ትመጣለች። ባል ካለ "እስቲ እስከ ነገ እንየው" ይላል።

ግዛቸው፦ "ባል" የሚል ሳጥን የለኝም ሲስተር።

ሠርካዲስ፦ "ሌላ" የሚልስ?

ግዛቸው፦ "ሌላ ካለ ይብራራ" ይላል። ቦታው ግን አንድ መስመር ብቻ ነው።

ሠርካዲስ፦ ለባል አንድ መስመር ይበቃዋል።

ግዛቸው፦ [ራሱን እየነቀነቀ ይጽፋል] "የእናቶች ጤና ዕውቀት... ዝቅተኛ።" እንቀጥል። ጥያቄ ሁለት። "ቴክኖሎጂ ሥራዬን ያቀልልኛል።" በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ ገለልተኛ ነኝ፣ አልስማማም፣ በጣም አልስማማም። አንዱን ይምረጡ።

ሠርካዲስ፦ የትኛው ቴክኖሎጂ? ያ የሕክምና ዕቃ የኤሌክትሪክ መቀቀያ? መብራት ሲኖር እስማማለሁ። መብራት ሲጠፋ አልስማማም፤ ያን ጊዜ ፕሪመስ ነው የማነድደው።

ግዛቸው፦ ሁለት መልስ አይቻልም። እንዲህ ሲሆን ነው እንግዲህ "ገለልተኛ" የሚለው የተዘጋጀው።

ሠርካዲስ፦ [መቀሱን አስቀምጠው] ምን አልክ?

ግዛቸው፦ ገለልተኛ። ወደዚህም ወደዚያም ያልሆነ፣ መሃል ላይ ያለ።

ሠርካዲስ፦ አንተ ልጅ፣ በዚህ ጊዜ "ገለልተኛ ነኝ" ብዬ ስሜን ጽፌ ልፈርምልህ? ምን በደልኩህ?

ግዛቸው፦ [በሩን እያየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ስለ መቀቀያ ነው እኮ ሲስተር!

ሠርካዲስ፦ ወረቀቱ እጁ የገባ ሰው ስለ መቀቀያ መሆኑን በምን ያውቃል?

ግዛቸው፦ [ላጲስ አውጥቶ በፍጥነት እያጠፋ] በቃ፣ በቃ! "በጣም እስማማለሁ" ብዬዋለሁ።

ሠርካዲስ፦ እሱ ይሻላል። እሱ ማንንም ጎድቶ አያውቅም።

ግዛቸው፦ ጥያቄ ሦስት። "አዲስ መሣሪያ ወደ ክፍልዎ ሲመጣ መጀመሪያ ምን ይሰማዎታል? ደስታ፣ ጉጉት፣ ወይስ ፍርሃት?"

ሠርካዲስ፦ ፊርማ።

ግዛቸው፦ ፊርማ ስሜት አይደለም።

ሠርካዲስ፦ ፈርመህ ስለማታውቅ ነው። የሕፃን ሚዛን መጣልን፤ ፈርሜ ተረከብኩ። በዓመቱ ውስጡ ላላ። "ማን አላላው?" ተብዬ ሦስት ጊዜ ኮሚቴ ፊት ቆምኩ። አንደኛው የኮሚቴ አባል "ሆን ተብሎ ይሆን?" አለ። ሆን ብዬ! የሚያስተኙበት እኮ የሦስት ኪሎ ሕፃን ነው!

ግዛቸው፦ አሁን የት አለ ሚዛኑ?

ሠርካዲስ፦ ተጠግኖ ተመልሷል። ያውልህ፣ ነጭ ጨርቅ አልብሼ ሰቅዬዋለሁ። ሕፃናቱን በክንዴ ነው የምመዝነው።

ግዛቸው፦ ለምን?

ሠርካዲስ፦ ሚዛኑ እንዳይበላሽ ነዋ።

ግዛቸው፦ [በረጅሙ ተንፍሶ ይጽፋል] "ቴክኖሎጂን... ትፈራለች።" ጥያቄ አራት። ይቺ ዋናዋ ናት። "ባለፈው ዓመት የታደለችውን ክብ የእርግዝና መቁጠሪያ ይጠቀሙባታል?"

ሠርካዲስ፦ በየቀኑ።

ግዛቸው፦ [ፊቱ በርቶ] ጎበዝ! እንዲህ ነው የሚባለው! የት አለች?

ሠርካዲስ፦ ሻዩ ላይ።

[ግዛቸው ዞር ይላል። ጠረጴዛው ጥግ ላይ የሻይ ብርጭቆ አለ። አፉ ላይ ክብ ካርቶን ተከድኖበታል።]

ግዛቸው፦ ሲስተር! ይሄ እኮ ሳይንስ ነው!

ሠርካዲስ፦ ዝንብ የሚባል አታሳልፍም።

ግዛቸው፦ [ካርቶኑን አንሥቶ በመሐረብ እየጠረገ] ኤፕሪል ላይ ሻይ ፈሶባታል! ይመልከቱ፣ ሁለት ካርቶን ናት፣ አንዱ ባንዱ ላይ ይዞራል። እናትየዋ የመጨረሻ የወር አበባዋን ያየችበት ቀን ላይ ያደርጓታል፤ ቀስቷ የምትወልድበትን ቀን ትነግርዎታለች። ቁጥር የለ፣ ድካም የለ።

ሠርካዲስ፦ ወሮቹ የማን ናቸው?

ግዛቸው፦ የፈረንጅ ናቸው።

ሠርካዲስ፦ የሚወልዱት ደግሞ የጉለሌ ሴቶች ናቸው።

ግዛቸው፦ ወር ያው ወር ነው። እዚያም አሥራ ሁለት፣ እዚህም አሥራ ሁለት።

ሠርካዲስ፦ እዚህ አሥራ ሦስት ነው። ጳጉሜን የታለች?

ግዛቸው፦ ጳጉሜን... እ... ማለቴ፣ ጳጉሜን እኮ አምስት ቀን ናት። በአምስት ቀን ውስጥ ምን ቁም ነገር ይገኛል?

ሠርካዲስ፦ ስንት ቀን ነበር የሰለጠንከው?

[ግዛቸው እርሳሱን ይቀርጻል።]

ግዛቸው፦ እርስዎስ በምን ይቆጥራሉ?

ሠርካዲስ፦ [ጣቶቻቸውን ዘርግተው] በነዚህ። "መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?" እላታለሁ። እሷም "የጥምቀት ዋዜማ" ትለኛለች፣ ወይም "ጾም ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው"። ከዚያ ዘጠኝ ወር እሄዳለሁ፣ አሥር ቀን እጨምራለሁ። መንገዴ ላይ ጳጉሜን ካጋጠመችኝ ከአሥሩ ላይ አምስቱን ለእሷ እተውላታለሁ።

ግዛቸው፦ በጣት! በዚህ ዘመን!

ሠርካዲስ፦ ጣቴ ሻይ ቢፈስበት ይታጠባል።

ግዛቸው፦ ቆይ፣ በተግባር ላሳይዎት። ራሴን ምሳሌ አደርጋለሁ። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት። የመጀመሪያችን ነው።

ሠርካዲስ፦ እሰይ፣ ማርያም ትቅረባት።

ግዛቸው፦ የመጨረሻ የወር አበባዋ ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ ነበር። ገብርኤል ስለሆነ አትረሳውም፤ ቤተ ክርስቲያን ሳትገባ ቀርታ አዝና ነበር። እሺ። ታኅሣሥ ስንተኛ ወር ነው?

ሠርካዲስ፦ አራተኛ።

ግዛቸው፦ እዚህች ላይስ አራተኛው ማነው? ኤፕሪል። ኤፕሪል አሥራ ዘጠኝ ላይ አደረግናት። [ያዞራል] ቀስቷ የት ቆመች? ጃንዋሪ ሃያ አራት። ጃንዋሪ በኛ ምን ይባላል? ጥር። አለቀ! ጥር ሃያ አራት ቀን ትወልዳለች። ገና አራት ወር አላት ማለት ነው። አየሽ ሲስተር... ይቅርታ፣ አዩ?

[ሲስተር ሠርካዲስ የያዙትን ጎዝ ያስቀምጣሉ። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ጣታቸውን መቁጠር ይጀምራሉ።]

ግዛቸው፦ [እየጻፈ] "ካስረዳኋትም በኋላ በጣቷ መቁጠሯን ቀጥላለች።"

ሠርካዲስ፦ አንድ ነገር ልጠይቅህ?

ግዛቸው፦ ጠያቂው እኔ ነኝ፤ ግን ግድ የለም።

ሠርካዲስ፦ ሆዷ እንዴት ነው?

ግዛቸው፦ እውነቱን ለመናገር፣ ለአምስት ወር ትልቅ ነው። ዱባ ታበዛለች። መንታም እንደሆነ ብዬ ሁለት ስም ይዣለሁ።

ሠርካዲስ፦ እሷስ ምን ትላለች?

ግዛቸው፦ እሷማ መጀመሪያ ላይ "መስከረም ነው" ስትል ነበር። እቤት ያለችኝን መቁጠሪያ አዙሬ ቀስቷን አሳየኋት። ከዚያ ወዲህ ዝም አለች። ገባት።

ሠርካዲስ፦ ዛሬስ እንዴት አደረች?

ግዛቸው፦ ደህና ናት። ትንሽ ጋዝ ይዟታል።

ሠርካዲስ፦ ጋዝ።

ግዛቸው፦ ከወገቧ ይነሣና ወደ ሆዷ ይመጣል። አጥብቆ ይይዛታል፣ ከዚያ ይለቃታል፣ ቆይቶ እንደገና ይመጣል። የዱባው ነገር ነው። እኔ ግን እንደሌላው ባል እጄን አጣጥፌ አላየሁም። በሰዓት መዝግቤዋለሁ። [ከኪሱ ማስታወሻ ያወጣል] ይኸው። አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ። አንድ ሰዓት። አንድ ከአሥራ ስድስት። አንድ ከሃያ ዘጠኝ። አንድ ከአርባ። እያስተዋሉ ነው? እየተቀራረበ ነው የሚመጣው! እንዲህ ሥርዓት ያለው ጋዝ በሕይወቴ አላየሁም። ለብቻው ጥናት ይወጣዋል።

[ሲስተር ሠርካዲስ ይነሣሉ። ከመደርደሪያው ላይ ጥቁር ቦርሳ ያወርዳሉ።]

ግዛቸው፦ የት ሊሄዱ ነው? ገና ሃያ ሁለት ጥያቄ ይቀረናል!

ሠርካዲስ፦ የኔ ልጅ፣ ቀስ ብዬ ልንገርህ፤ አትደንግጥ። ስትገባ በቁጥር ገባህ፣ ስትወጣ በስም ወጣህ።

ግዛቸው፦ ምን ማለት ነው?

ሠርካዲስ፦ ታኅሣሥን "አራተኛ ነው" ብለህ አራተኛው ወር ውስጥ ከተትከው። ስታወጣው ግን ቁጥሩን ተውክና በስሙ "ጥር" አልከው። በገባህበት በር ብትወጣስ? ጃንዋሪ ለነሱ ስንተኛ ወር ነው?

ግዛቸው፦ አንደኛ።

ሠርካዲስ፦ ለኛስ አንደኛው ወር ማነው?

ግዛቸው፦ መስከረ... [ያቆማል]

ሠርካዲስ፦ በጣቴም ያው ነው። ከታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ ዘጠኝ ወር ስሄድ መስከረም አሥራ ዘጠኝ። ጳጉሜንን አልፌያለሁና አምስት ቀን ብቻ እጨምራለሁ። መስከረም ሃያ አራት። ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?

ግዛቸው፦ [ቅጹ ላይ ራሱ የጻፈውን ቀን እያነበበ] መስከረም... ሃያ... ሁለት።

[ከወንበሩ ተንሸራቶ መሬት ላይ ይቀመጣል።]

ግዛቸው፦ ጋዙ...

ሠርካዲስ፦ ጋዙ ክርስትና ይነሣል። የባለቤትህ ስም ማነው? ቤታችሁስ የት ነው?

ግዛቸው፦ አስቻለች። ከአዲሱ ገበያ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ።

[ሲስተር ሠርካዲስ ቦርሳውን እንደያዙ ቀጥ ይላሉ።]

ሠርካዲስ፦ አስቻለች? ግራ ጉንጯ ላይ ማርያም የሳመቻት?

ግዛቸው፦ አዎ! ያውቋታል እንዴ?

ሠርካዲስ፦ [መሳቢያ ስበው ካርድ ያወጣሉ] "አስቻለች ነገራ። የመጀመሪያ እርግዝና። የመውለጃ ቀን፣ መስከረም ሃያ አራት። የባል ስም፣ ግዛቸው።" ወይ ጉድ! በየመንደሩ አንድ ግዛቸው አይጠፋም ብዬ፣ አንተ ትሆናለህ ብዬ መች አሰብኩ!

ግዛቸው፦ መቼ ነው እዚህ የመጣችው?

ሠርካዲስ፦ ከሚያዝያ ጀምሮ በየወሩ ትመጣለች። ትናንትም ነበረች።

ግዛቸው፦ ትናንት? ትናንት እኮ ማርያምን ልሳለም ብላ ነው የወጣችው! ነጠላዋን ያቀበልኳት እኔ ነኝ!

ሠርካዲስ፦ ተሳልማለች። ከዚያ ነው እዚህ የመጣችው።

ግዛቸው፦ እኔ እኮ የመጀመሪያ ምርመራዋን ቀን መቁጠሪያችን ላይ ኅዳር ውስጥ ነበር ያከበብኩላት። ለምን አልነገረችኝም?

ሠርካዲስ፦ እኔም ጠይቄያት ነበር። "ነገርኩት፤ ቀስት አሳየኝ" አለችኝ። ይልቅ ስማኝ። ሁሉን ነገር አሰናድተናል። ጎረቤታችሁ ታየች ከእሷ አትለይም፤ ምጡ ሲበረታ ሮጣ እኔን ትጠራለች። ታየች አጠገቧ ናት አይደል?

[ግዛቸው ቅጹ ላይ ያለውን ማኅተም በመዳፉ ይሸፍናል።]

ሠርካዲስ፦ ግዛቸው?

ግዛቸው፦ እትዬ ታየች... እ... ማለቴ... ጠዋት መጥተው ነበር።

ሠርካዲስ፦ መጥተው?

ግዛቸው፦ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው፣ ውኃ ጥደው ሊቀመጡ ሲሉ፣ "ገና አራት ወር አላት፣ ዕረፍት ነው የሚያስፈልጋት፣ ይሂዱልን" አልኳቸው። እምቢ ሲሉ ቅጹን አሳየኋቸው። ማኅተሙን ሲያዩ ወጡ። ዘንቢላቸውን ይዘው ወደ ገበያ ወረዱ።

ሠርካዲስ፦ እንግዲህ ልጅቱ አሁን ብቻዋን ናት።

ግዛቸው፦ [በደከመ ድምፅ] ብቻዋን ናት። "ዝንጅብል ጠጪና ተኚ" ብያት ሁለት ሰዓት ላይ ወጣሁ።

ሠርካዲስ፦ የመጀመሪያ ልጅ አይቸኩልም። አሁን ከተነሣን እንደርስላታለን። ተነሣ።

ግዛቸው፦ ስልክ! አምቡላንስ እንጥራ ሲስተር!

ሠርካዲስ፦ ስልኩ ቀበሌ ነው። የስልኩ ቁልፍ ሊቀመንበሩ ኪስ ውስጥ ነው። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ነው። እግርህ ግን እዚሁ አለ። ተነሣ!

ግዛቸው፦ እግሬም እምቢ አለኝ እኮ...

ሠርካዲስ፦ [ክንዱን ይዘው ብድግ ያደርጉታል] ይቺን ጎዝ ያዝ። ይሄን ሳሙና ያዝ። ቅጹን ተወው።

ግዛቸው፦ በኃላፊነት የተሰጠኝ ነው ሲስተር!

ሠርካዲስ፦ ሚስትህስ?

[ግዛቸው ቅጹን ወንበሩ ላይ ይጥላል። ሁለቱም ወደ በሩ ያመራሉ። ሲስተር ሠርካዲስ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመልክተው ይቆማሉ።]

ሠርካዲስ፦ ታየች ገበያ ወረደች ነው ያልከኝ?

ግዛቸው፦ በዓይኔ አይቻለሁ። ዘንቢላቸውን ይዘው።

ሠርካዲስ፦ ዘንቢሉ ውስጥ ምን እንደነበረ አይተሃል?

ግዛቸው፦ ምን ይኖራል? ባዶ ነዋ።

ሠርካዲስ፦ ና እየው። ያውና፣ የሕፃን ብርድ ልብስ ጫፉ ወጥቶ ይታያል። ጥጉ ላይ ቆማ እስክትወጣ ጠብቃህ ነው የተመለሰችው።

ግዛቸው፦ [መስኮቱ ላይ ተለጥፎ] አስቻለች! በእግሯ! እትዬ ታየችን ተደግፋ... ቆመች! ሲስተር፣ መንገድ ላይ ቆመች! የሰው አጥር ይዛ ጎንበስ አለች!

ሠርካዲስ፦ [ሰዓታቸውን እያዩ] ይለቃታል። ጠብቅ... ይኸው ለቀቃት። በርታ በይ የኔ ልጅ፣ በርታ በይ። እዚህ ለመድረስ ጊዜ አላት። [ቦርሳውን ፈትተው አልጋው ላይ ንጹሕ አንሶላ ያነጥፋሉ] በሩን ክፈተው። ሁለቱንም መዝጊያ።

ግዛቸው፦ [በሩን እየከፈተ] "ዝንጅብል ጠጪና ተኚ" ብያት ነበር እኮ።

ሠርካዲስ፦ ምን አለችህ?

ግዛቸው፦ እሺ አለችኝ። ሁልጊዜ እሺ ነው የምትለኝ። [የበሩን እጀታ እንደያዘ ፈዞ ይቀራል] ሁልጊዜ... እሺ ነው የምትለኝ።

ሠርካዲስ፦ ሂድ ደግፋት፤ ምን ይገትርሃል? ምንም እንዳትናገራት። ስለ ቀስት፣ ስለ ዱባ አንድም ቃል እንዳይወጣህ። ክንድህን ስጣት፣ በቃ።

ግዛቸው፦ [ሊወጣ ብሎ ይመለሳል] ሲስተር፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። ከቅጹ አይደለም፣ የራሴ ነው።

ሠርካዲስ፦ ቶሎ በል።

ግዛቸው፦ በየወሩ እዚህ ስትመጣ... ስለ እኔ ምን ትልዎት ነበር?

[ሲስተር ሠርካዲስ ቀና ብለው ያዩታል። ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ጎንበስ ብለው የአንሶላውን ጫፍ ማስተካከል ይጀምራሉ።]

ግዛቸው፦ ሲስተር?

ሠርካዲስ፦ ይሄኛውን አልመልስም።